የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቡናችን ዮኮሃማ ሲደርስ

ጥያቄ፦ ከጅማ የምጽፍላችሁ የቡና አቅራቢ ነኝ። በቅርቡ የላኪነት ፈቃድ አውጥቼ ከአንድ ጃፓናዊ ገዢ ጋር መነጋገር ጀምሬአለሁ። ሰውየው ስለ ዋጋ ገና ሳናነሳ መጋዘኑን፣ የጆንያውን ዓይነት፣ የጭነት መኪናውን ሳይቀር ጠየቀኝ። ሁለቱ አገሮች የቆየ ወዳጅነት አላቸው፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከምን መጣ? ምንስ ላዘጋጅ?

መልስ፦ ገዢው እርስዎን ተጠራጥሮ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የሆነውን ስለሚያስታውስ ነው። ጃፓን ከሁለት ዓመት በፊት፣ በሜይ 2006፣ አዲስ የፀረ ተባይ ቅሪት ሥርዓት ሥራ ላይ አውላ ነበር። በሥርዓቱ መሠረት የራሱ ጣሪያ ላልወጣለት ኬሚካል ሁሉ የሚፈቀደው 0.01 ፒፒኤም ብቻ ነው፤ ማለትም በአንድ ኪሎ ቡና ውስጥ 0.01 ሚሊ ግራም። ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 320 ሆኖ የሚሞላ ኮንቴይነር 19,200 ኪሎ ይይዛል። በዚህ ስሌት በኮንቴይነሩ ሙሉ የሚፈቀደው ቅሪት 192 ሚሊ ግራም ነው፤ የአንድ ግራም አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። በ2008 ከኢትዮጵያ በሄደ ቡና ላይ እንደ ሊንዴንና ሄፕታክሎር ያሉ ፀረ ተባይ ኬሚካሎች ከልክ በላይ ተገኙ። ከዋና ገዢዎቻችን አንዷ የነበረችው ጃፓንም ግዢዋን አቆመች ማለት ይቻላል።

ብዙዎችን ግራ ያጋባው ገበሬያችን ቡናውን እነዚህን መድኃኒቶች የማይረጭ መሆኑ ነው። ትልቁ ጥርጣሬ ያረፈው በጆንያው ላይ ነበር። እነዚህ ኬሚካሎች በውሃ አይሟሙም፣ በቅባት ግን ይሟሟሉ፤ የቡና ፍሬ ደግሞ ቅባት አለው። በጆንያ ክር፣ በመጋዘን ወለል ወይም በመኪና ጣውላ ላይ ለዓመታት የቆየ ቅሪት ወደ ፍሬው ይሸጋገራል። ጆንያውን ማጠብም ሆነ ፀሐይ ላይ ማስጣት አያወጣውም።

ስለዚህ ሥራዎ የሚጀምረው ከላኪው መጋዘን ሳይሆን ከገበሬው ቤት ነው። ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) በማዳበሪያ ወይም በእህል ጆንያ ከተያዘ ጉዳቱ እዚያው ደርሷል፤ እርስዎ በኋላ አዲስ ጆንያ ቢገዙ አያድነውም። ለወባ መከላከያ ዲዲቲ ይረጭ በነበረባቸው አካባቢዎች ቡናን መኝታ ቤት ማከማቸትም ያሰጋል። ለሚገዙባቸው ገበሬዎች ንጹሕ ጆንያ ራስዎ ቢያድሉ ወጪው ከአንድ ተመላሽ ኮንቴይነር እጅግ ያንሳል። ለመላኪያ የሚገዙት የጁት ጆንያ ደግሞ ለምግብ ተብሎ በአትክልት ዘይት የተሠራ መሆኑን ከሻጩ በጽሑፍ ይቀበሉ፤ በማዕድን ዘይት የለሰለሰ ጆንያ ቡናውን የነዳጅ ሽታ ያስይዘዋል።

ከመጫንዎ በፊት ናሙና ያስመርምሩ። ከአንድ ሁለት ጆንያ ላይ መዝገን አይበቃም፤ ከየሎቱ (ማለትም አንድ ላይ ከተዘጋጀው ከየቡናው ክምችት)፣ ከላይም ከታችም ከሚገኙ ብዙ ጆንያዎች ወስደው ያዋህዱና ሦስት ቦታ ይክፈሉት። አንዱ ለቤተ ሙከራ፣ አንዱ ለገዢው ይሆናል፤ ሦስተኛው ታሽጎ እርስዎ ዘንድ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ላኪ የሚታለልበት ነገር አለ፦ ውጤቱ ላይ «አልተገኘም» ተብሎ ከተጻፈ መሣሪያው ዝቅ ብሎ እስከ ስንት እንደሚለካ ይጠይቁ። የመለኪያው ወለል 0.05 ፒፒኤም ከሆነ ያ ወረቀት ለጃፓን ምንም አይነግርም። ሎቶችንም ሳይመረመሩ አይቀላቅሉ፤ አንዱ የተበከለ ሌላውን ንጹሕ ይዞት ይወድቃል፣ ከየት እንደመጣ መለየትም አይቻልም።

ወደቡ ላይ ሁለት የተለያዩ ምርመራዎች አሉ። የዕፅዋት ኳራንቲን በሕይወት ያለ ተባይ ይፈልጋል፤ ካገኘ በጭስ መድኃኒት ይታከማል። የጤናው መሥሪያ ቤት ቅሪቱን ያያል። በመደበኛው የናሙና ክትትል ውጤቱ እስኪመጣ ዕቃው ሊንቀሳቀስ ይችላል። ጥሰት ሲደጋገም ግን አስገዳጅ ምርመራ ይታዘዛል፤ ያኔ ወጪውን አስመጪው ይከፍላል፣ ውጤት ሳይታይም ከመጋዘን አንድ ፍሬ አይወጣም። በሽያጭ ውሉ ላይ ዕቃው ከወደቀ የመመለሻውን ወይም የማስወገጃውን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በግልጽ ያስፍሩ። ይህን ሳይጽፉ የሚፈርሙ ላኪዎች መኖራቸው እጅግ ያሳስበናል።

ስለ እርጥበት በአጭሩ፦ ፍሬው 12 በመቶ ካለፈ ችግር ውስጥ ነዎት። ከጅቡቲ ሙቀት ወደ ጃፓን ክረምት የሚሄድ ኮንቴይነር ጣሪያው ላይ ውሃ ያጤዛል፤ ወርዶም የላይኛውን ረድፍ ያሻግታል። ግድግዳውንና ጣሪያውን በወፍራም ወረቀት ያልብሱ፣ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢትም ይስቀሉ።

ጥያቄ፦ ቆልቶ መላክ አይሻልም? ቀረጡስ?

መልስ፦ ጥሬ ቡና ወደ ጃፓን ያለ ቀረጥ ይገባል። ለተቆላ ቡና የዓለም ንግድ ድርጅት ተመን 12 በመቶ ነው፤ ኢትዮጵያ ግን እጅግ ላላደጉ አገሮች በሚሰጥ ልዩ መብት ያለ ቀረጥ ታስገባለች። ለዚህ የትውልድ አገር ማስረጃው፣ ማለትም ፎርም ኤ፣ ከሰነዶቹ ጋር መሄድ አለበት። ዕቃው በጅቡቲ ቢያልፍና በመንገድ ላይ መርከብ ቢቀይር እንኳ ከኢትዮጵያ እስከ ጃፓን የሚሸፍን አንድ የጭነት ሰነድ፣ ወይም ከመተላለፊያው አገር ጉምሩክ የተሰጠ ማረጋገጫ ወይም ሌላ በቂ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ከነዚህ አንዱም ከሌለ መብቱ ይቀራል። የተቆላ ቡና የዕፅዋት ኳራንቲን አይጠየቅበትም። ትልቁ እንቅፋት ግን ጊዜ ነው፦ በባሕር ሳምንታት የሚቆይ የተቆላ ቡና፣ ጥሩ ቫልቭ (ጋዝ አስወጥቶ አየር የማያስገባ ቀዳዳ) ባለው ከረጢት ካልታሸገ በቀር፣ መዓዛውን ይዞ አይደርስም። ለጀማሪ የምንመክረው ጥሬውን ነው።

ጥያቄ፦ ጃፓኖች ቡናችንን ለምን «ሞካ» ይሉታል? ግንኙነቱስ መቼ ተጀመረ?

መልስ፦ ሞካ ቡና በብዛት ይጫንበት የነበረ የየመን ወደብ ነው። ጃፓን ውስጥ «ሞካ ሲዳሞ»፣ «ሞካ ሐረር» የሚሉት ስሞች እስካሁን የንግድ መጠሪያ ናቸው፤ ገዢዎ በውሉ ላይ እንዲህ ቢጽፍ አይደንግጡ። ግንኙነቱን በተመለከተ፣ ሁለቱ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1930 የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርመዋል፤ በማግስቱ ዓመት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተዋል። በዚያው በ1931 የወጣው ሕገ መንግሥታችንም ከጃፓን የ1889 ሕገ መንግሥት ብዙ ወስዷል። በወቅቱ ንግዱ ያዘነበለው ወደ እነሱ ነበር፦ የጃፓን የጥጥ ጨርቅ ገበያችንን ሞልቶት ነበር። ጣሊያን አገራችንን ከወረረ በኋላ የተቋረጠው ግንኙነት የታደሰው በ1955 ነው፤ ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በ1956 ቶኪዮን ጎበኙ።