ሜትሩን ከመዘርጋታችሁ በፊት

ሥነ ሕንፃ ተምራችሁ ወደ ሥራ ዓለም ለምትገቡ ልጆቼ፣

የመጀመሪያ የመስክ ሥራዬ በግንብ በታጠረችው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ በጁገል ውስጥ ነበር። ሰፊ መንገድ ሁሉ ሥልጣኔ የሚመስለኝ ጊዜ ነው። አንዲት ቀጭን መተላለፊያ ለክቼ «ሁለቱ ግንቦች ቢፈርሱ መኪና ያስገባል» ብዬ ስጽፍ፣ ደጃፋቸው ላይ የተቀመጡ እናት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ገበያውም መስጊዱም የልጄም ቤት በእግሬ ነው። መኪናው ገብቶ ማንን ሊጭን ነው?» አሉኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁ።

በማግስቱ ያለ ሜትር ዞርሁ። ጁገል 48 ሄክታር ብቻ ነው፤ በዚያች ስፋት 82 መስጊዶች አሉ፤ ሰው ለሶላት በወጣ ቁጥር ጎረቤቱን ያገኛል። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ፣ ከአንዱ የገበያ አደባባይ ወደ ሌላው፣ የምትወርደው መንገድ መኪና ግርግር ትባላለች። እኔ ላስገባው የለፋሁለትን መኪና መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስሙ የመጣው ከልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው! የሐረር ገዥ የነበሩት አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያሠሩት የከተማዋ ግንብ አምስት በሮች ነበሩት። ከግንቡ ሥር ደግሞ ጅብ የሚሾልክባቸው ቀዳዳዎች አሉ። የከተማዋ ሠሪዎች ለጅቡ እንኳ መግቢያ ሲያስቡለት፣ እኔ ሴትየዋን አልጠየቅኋቸውም።

ሲሚንቶ ይዛችሁ ወደ አሮጌ ቤት አትቸኩሉ። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ ኖራ የተቀባ ግድግዳ እርጥበቱን ወደ ውጭ ይተነፍሳል። በሲሚንቶ ሲለሰን ይታፈናል፤ ፊቱ አምሮ ሆዱ ይፈርሳል። ይህን ስሕተት በገዛ እጄ ሠርቼዋለሁ፤ ለማፍረስ ከመለሰኑ ይልቅ ብዙ ደክሜአለሁ።

ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍር ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ቅርስ ሲባል በሩን ቆልፎ ትኬት መቁረጥ ብቻ የሚታያችሁ ካላችሁ አልስማማም። የሐረሪው ቤት፣ ጌ ጋር፣ በውስጡ ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት፤ ማን የት እንደሚቀመጥ በማዕረግና በዕድሜ የታወቀ ነው። ተቀማጭ የሌለው ነደባ ቀይ ቀለም የተቀባ ደረጃ ነው።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። በሽተኛ በቃሬዛ ተይዞ በዚያች መተላለፊያ ሲወጣ፣ ተሸካሚዎቹ በየማእዘኑ እየቆሙ ሲያዘነብሉት አይቻለሁ። የእናታችን ጥያቄ ለዚህ መልስ አይሆንም፤ የእኔም የድሮ ወረቀት አይሆንም። የመተላለፊያዋን ግንቦች ሳይነካ ይህን የሚፈታ ንድፍ ከመካከላችሁ አንዱ ቢሠራ፣ አሁንም ዓይኔ ያያልና ያሳየኝ።