ብስክሌቴን ጣቢያ ላይ ጥዬ እንዴት ልሂድ?

ጥያቄ፦ ቤቴ ከባቡር ጣቢያው 3 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በየቀኑ በመኪና ነው የምሄደው። ስደርስ ግን ማቆሚያው ሞልቶ ይጠብቀኛል። ባለቤቴ «በብስክሌት ሂድ» እያለች ትነዘንዘኛለች። በላብ ተጠምቄ ቢሮ መግባት አልፈልግም። ደግሞስ ብስክሌቱ ቢሰረቅስ?
የጠዋቱ ተሳፋሪ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ባለቤትዎ ልክ ናቸው።

እኔም ለዓመታት እንደ እርስዎ ነበርኩ። «በመኪና እኮ 8 ደቂቃ ነው!» እል ነበር። አንድ ሳምንት ሰዓቴን እያየሁ መመዝገብ ጀመርኩ። መንዳቱ 8 ደቂቃ፣ ቦታ ፍለጋ መዞሩ 7፣ ካቆምኩበት እስከ ባቡሩ በእግር 5። ድምሩ 20! በብስክሌት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሄዱ፣ 3 ኪሎ ሜትሩን በ12 ደቂቃ ይጨርሱታል። በዚህ አጭር መንገድ የመኪናው ሞተር በደንብ እንኳን አይሞቅም። ጭሱን የሚያጣራው ዕቃ ደግሞ ካልጋለ በቅጡ አይሠራም።

ላቡ የሚመጣው ከመንገዱ ሳይሆን ከጥድፊያው ነው። 5 ደቂቃ ቀደም ብለው ይውጡ። ጃኬትዎን ሲነሱ ያውልቁ እንጂ ላብ እስኪያጠምቅዎ አይጠብቁ። ቦርሳውንም ጀርባዎ ላይ ሳይሆን ከኋላ ያለው ዕቃ መጫኛ ላይ ይጫኑት።

ወደ ሌባው እንምጣ። የመጀመሪያው ብስክሌቴ አዲስ ነበር፤ ያብረቀርቃል። የቆለፍኩት ግን የፊት ጎማውን ብቻ ነበር። ማታ ስመለስ ጎማዬ በክብር ተቆልፎ ቆሞ አገኘሁት። ቀሪው የለም! አሁን የምነዳው ቀለሙ የላጠ፣ ፓራፋንጎው የሚንኳኳ አሮጌ ነው። አንዱን ጠንካራ ቁልፍ በብስክሌቱ ዋና ብረት (ቴላዮ) እና በኋላ ጎማው አሳልፌ መሬት ላይ ከተተከለ ብረት ጋር አስረዋለሁ። ሁለተኛው ቁልፍ ለፊት ጎማው ነው። ይህም ካላሳመነዎት ታጣፊ ብስክሌት አለ፤ አጥፈው ባቡሩ ውስጥ ይዘውት ይገባሉ።

እንደኔ ግን ሸክሙ ሁሉ በተሳፋሪው ላይ መጣል የለበትም። ኔዘርላንድ ውስጥ ዩትሬክት ጣቢያ ሥር በ2019 ተሠርቶ ያለቀ የብስክሌት ማቆሚያ አለ። ከ12 ሺህ በላይ ብስክሌት ይይዛል፤ የመጀመሪያው 24 ሰዓት በነፃ ነው። ሰው በምክር ብቻ መኪናውን አይተውም፤ ብስክሌቱን የሚያምንበት ቦታ ሲያገኝ ነው የሚተወው። አንድ መኪና በሚቆምበት ቦታ 10 ያህል ብስክሌት ይቆማል። ስለዚህ ለጣቢያዎ አስተዳደር ጣሪያና ጥበቃ ያለው ማቆሚያ ይሥሩልን ብለው ይጻፉ። ጎረቤቶችዎንም ያስፈርሙ።

እስከዚያው አንድ እሑድ፣ ባቡር የመያዝ ጭንቀት ሳይኖርብዎት፣ መንገዱን ይሞክሩት። መኪናው የሚሄድበትን ዋና መንገድ ይተዉትና በውስጥ ለውስጥ ይሂዱ።

ዝናብ ቢመጣስ? ኃይለኛ ዝናብ ሲሆን እኔም መኪናዬን አስነሳለሁ። ይህቺን ግን ለባለቤትዎ አይንገሩብኝ።