ዛሬ ማታ ምን ልሥራ? ስለ ቤት እራት ለጠየቃችሁኝ

ከሥራ 11:30 ወጥቼ፣ ታክሲ ተሰልፌ ቤት የምደርሰው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሦስት ልጆች፣ ባለቤቴና እናቴ እራት ይጠብቁኛል። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖሬያለሁና «እራት ላይ ያስቸገራችሁን ጠይቁኝ» ብዬ ነበር። ጥያቄው ብዙ ሆነ። የሚመሳሰሉትን አጣምሬ፣ ደጋግማችሁ ካነሳችሁት እጀምራለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ሥራ ውዬ ገብቼ ወጥ ለማድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅብኛል። ልጆቼ ሳይበሉ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እርስዎ እንዴት ይደርሳሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጊዜሽን የሚበላው ቁሌቱ ነው። ሽንኩርቱ የተቁላላ ከሆነ ሽሮም ምስርም ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እኔ ቁሌቱን የምሠራው እሁድ ከሰዓት ነው። 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ እከትፍና ሰፊና ወፍራም ድስት ላይ ያለ ዘይት እጥደዋለሁ። መጀመሪያ ውሃውን ይተፋል፤ ያ ውሃ መጥጦ እስኪያልቅ እያማሰልኩ እጠብቃለሁ። ድስቱን መያዝ ሲጀምር ጥቂት ውሃ ጠብ አደርግበታለሁ እንጂ ወደ ዘይት አልቸኩልም። ሟሽሾ ቀለሙ ወደ ቡናማ ሲያደላ አንድ ብርጭቆ ተኩል ዘይት እጨምርና ሌላ 20 ደቂቃ በዝግታ አቁላላዋለሁ። ሁሉም ተደምሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ነው፤ ግን በሳምንት አንዴ ብቻ።

በርበሬም ነጭ ሽንኩርትም አልጨምርበትም። ባዶውን ስለማቆየው ለአልጫም ለቀይም ይሆነኛል። ሲቀዘቅዝ በትንንሽ ዕቃ እከፍለዋለሁ፤ እስከ ረቡዕ የሚበቃኝ ፍሪጅ፣ የቀረው ፍሪዘር ይገባል። ሽንኩርት በተወደደ ሰሞን 2 ኪሎ አደርገዋለሁ። ከማቁላያው ጊዜ ላይ ግን አልቀንስም፤ ሽንኩርቱ ጥሬ የሆነ ወጥ ቅቤ ቢፈስበትም አይድንም።

ጥያቄ፦ ሽሮዬ ይጓጉላል። ካልጓጎለም ዱቄት ዱቄት ይላል። ምን እያጠፋሁ ነው?

መልስ፦ መጓጎሉ ከአጨማመር፣ ዱቄት ዱቄት ማለቱ ካለመብሰል ይመጣል። ለአምስት ሰው አራት የሾርባ ማንኪያ ቁሌት አሙቂ። ሽሮሽ ነጭ ከሆነ አንድ ማንኪያ በርበሬ ጨምሪና እንዳያርር ውሃ ጠብ እያደረግሽ አቁላሊው። ምጥን ሽሮ ከሆነ በርበሬው ውስጡ ስላለ አትጨምሪ። ነጭ ሽንኩርት ጨምረሽ 4 ብርጭቆ ውሃ አፍስሺና ይፍላ። አንድ ብርጭቆ ሽሮ በአንድ እጅሽ በትን በትን እያደረግሽ በሌላው አማስዪ። እጅሽ ገና ካልለመደ ሽሮውን አስቀድመሽ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ አፍስሺው፤ ምንም ነውር የለውም፣ እኔም ስጀምር እንዲያ ነበር።

ከዚያ እሳቱን ዝቅ አድርጊና ይንተክተክ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። ሲወፍር የበሰለ ይመስላል፤ ዱቄቱ ግን ገና ጥሬ ነው። ቢያንስ 20 ደቂቃ ስጪው፤ ከወፈረብሽ ሙቅ ውሃ ጨምሪ። ዘይቱ ወደ ላይ ብቅ ሲል ደርሷል። ከማውረድሽ በፊት የተሰነጠቀ ቃሪያ ጣል አድርጊበት። የጾም ቀን ካልሆነ ደግሞ ትንሽ ንጥር ቅቤ።

ጥያቄ፦ ከሱቅ የምገዛው ሽሮ ውስጥ ጓያ ሊኖር ይችላል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ያሳስባል?

መልስ፦ ጓያ በአገራችን ሲበላ የኖረ እህል ነው፤ በድርቅ ጊዜም ሌላው ሲጠፋ እሱ ይበቅላል። ችግር የሚያመጣው ሰው ለወራት ዋና ቀለቡ ሲያደርገው ነው። በውስጡ ያለው መርዝ ነርቭ ይጎዳል፣ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል መርዙን ይቀንሰዋል። ሻጭሽን ከምን እንደተዘጋጀ ጠይቂው። ከቻልሽ ግን ሽምብራና አተር ገዝተሽ፣ ቆልተሽ፣ ከክተሽ፣ ከቅመሙ ጋር ወፍጮ ቤት አስፈጪ። አንድ ቅዳሜ ይፈጃል፤ ለወራት የምትበዪውን ግን ታውቂዋለሽ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ከመጣሁ ወዲህ ክክ አልበስል እያለኝ ነው። ድሬዳዋ እንዲህ አልነበረም።

መልስ፦ ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ ወንድሜ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርን ታልፋለች። ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ዝቅ ስለሚል ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሲንፈቀፈቅ ብታየውም ድሬዳዋ ከምታውቀው የፈላ ውሃ ያነሰ ሙቀት ነው ያለው። ክኩን ጠዋት ከቤት ስትወጣ ዘፍዝፈው። ቲማቲምና ሎሚ ክኩ ከለሰለሰ በኋላ ብቻ ጨምር፤ ኮምጣጣ ነገር ቀድሞ ከገባ ጥራጥሬ አይለሰልስም። ፕሬሸር ኩከር ካለህ ደግሞ ጣጣው ሁሉ ይቀላል። ምስር ክክ ግን መዘፍዘፍ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ የምኖረው ዋሽንግተን ነው። ሽንኩርት ሳቁላላ የጭስ ማስጠንቀቂያው ይጮሃል፣ ወጡም ይጣፍጥብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የእናንተ አገር ሽንኩርት ትልልቅ ነው፤ ውሃም ጣፋጭነትም ይበዛዋል። ትንንሹንና ቀዩን ፈልጊ። ሲታጣ ያለውን ተጠቀሚ፤ ግን ውሃው እስኪመጥ ከእኛ የበለጠ ጊዜ ስጪው። ጭሱን ለመቀነስ መጀመሪያ ክዳኑን ገጥመሽ በራሱ ውሃ በዝቅተኛ እሳት ይብሰል፤ ከለሰለሰ በኋላ ከፍተሽ አድርቂው።

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጄ በርበሬ ያለበት አይነካም። በየማታው ሁለት ወጥ መሥራት ደከመኝ።

መልስ፦ ሁለት አትሥሪ። ምስሩን በቁሌት፣ በነጭ ሽንኩርትና በትንሽ እርድ አብስዪው። ሲበስል የልጁን በሳህን አውጪ። የቀረው ላይ፣ በርበሬውን ለብቻው በትንሽ ቁሌት አብስለሽ ጨምሪና አሥር ደቂቃ አንተክትኪው። ልጁ ሳህን ላይ ሎሚ ጠብ አድርጊለት፤ በምስሩ ያለው ብረት ከሰውነቱ ጋር እንዲዋሐድ ይረዳል። ሻይ ግን ከእራት ጋር አትስጪው፤ ብረቱን ይይዝበታል።

ጥያቄ፦ 68 ዓመቴ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ምግብ ማብሰል እየተማርኩ ነው። ደም ግፊትም አለብኝ። ለአንድ ሰው የሚሆን ቀላል እራት ንገሪኝ።

መልስ፦ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ነፍሷን ይማር።

ቅንጬ ይሞክሩ። አንድ ብርጭቆ የስንዴ ወይም የገብስ ቅንጬ አጥበው በሦስት ብርጭቆ ውሃ ይጣዱ። ውሃው መጥጦ እስኪለሰልስ በዝግታ ይብሰል። በጥቁር አዝሙድና በኮረሪማ የተነጠረ ቅቤ ትንሽ ጠብ ካደረጉበት፣ ቅመሙ ራሱ ጨው ያስረሳል። ሁለት ቀን ይበሉታል፤ የተረፈውን ፍሪጅ ያስገቡት። ጨውን በተመለከተ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ምጥን ሽሮም በርበሬም ሲዘጋጁ ብዙ ጊዜ ጨው ይገባባቸዋል። ስለዚህ ወጥ ሲሠሩ ሳይቀምሱ አይጨምሩ። ደግሞ አልፎ አልፎ ጎረቤት ይጥሩ፣ ወይም ሲጠሩዎት እምቢ አይበሉ። ብቻዎን የሚበሉት እራት ጨው ቢኖረውም አልጫ ነው።

ጥያቄ፦ ረቡዕና አርብ ከሽሮ ሌላ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ድንች በካሮት አልጫ፣ ጎመን በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ፣ ጥቅል ጎመን። ሲደክመኝ ደግሞ ሱፍ ፍትፍት፦ ሱፉን ቀቅዬ፣ ፈጭቼ፣ በውሃ አሽቼ በማጥለያ አጠለዋለሁ፤ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት ከትፌ እንጀራ እፈተፍትበታለሁ። እሳት የሚያየው ሱፉ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁለት ጊዜ አድኖኛል።

ጥያቄ፦ ሩብ ኪሎ ሥጋ ለስድስት ሰው እንዴት ይዳረሳል?

መልስ፦ ቦዘና ሽሮ። ሥጋውን አድቅቀሽ ከትፊና በቁሌቱ ላይ በደንብ ጥበሺው፤ ከዚያ ከላይ እንደነገርኳችሁ ሽሮውን ሥሪ። ሥጋው በየጉርሻው ይገኛል። ጥብስ ብታደርጊው ግን ሦስት ሰው በልቶ ሦስት ያያል።

ጥያቄ፦ እንጀራ እየተረፈ ይሻግትብኛል።

መልስ፦ ሦስተኛው ቀን ሳይደርስ ቆራርሰሽ ፀሐይ ላይ አስጪው፤ ድርቆሽ ይሆናል። ለወራት ይቆያል። ማታ በቁሌት፣ በበርበሬና በሙቅ ውሃ ሩብ ሰዓት የማይሞላ ፍርፍር ነው። የሻገተውን ግን ፍቀሽ አታድርቂ፤ ጣዪው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በቅርቡ ወለደች። እናቷ እስኪመጡ እራቱን እኔ ነኝ የምሠራው። ገንፎ ፈለገች፤ ሞክሬ ውስጡ ዱቄት ሆነብኝ።

መልስ፦ እንኳን ማርያም ማረቻት! የያዝከው ሥራ ትልቅ ነው፤ ገንፎውም ይስተካከላል። ሦስት ብርጭቆ ውሃ በትንሽ ጨው አፍላ። ከፈላው አንድ ብርጭቆ ቀድተህ አስቀምጥ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ድስቱ ውስጥ በቀረው ላይ አንድ ብርጭቆ ተኩል የገብስ ዱቄት ጨምር፣ በማማሰያው ወደ ድስቱ ግድግዳ እየደፈጠጥህ አማስል። ዱቄት የያዙት ጉብታዎች የሚሰባበሩት በጉልበት ነው። ከዚያ በማማሰያው እጀታ አራት አምስት ቦታ ብሳው፣ ያስቀመጥከውን ሙቅ ውሃ በቀዳዳዎቹ ጥቂት ጥቂት አፍስስና ክዳኑን ገጥመህ በዝቅተኛ እሳት አሥር ደቂቃ ይታጠን። እንደገና እሸው። ለስልሶ ከድስቱ ሲላቀቅ በስሏል።

ሳህን ላይ አድቦልቡለው፣ መሃሉን ጎድጎድ አድርግና የቀለጠ ቅቤ ከበርበሬ ጋር ሙላበት። ቶሎ ስለሚደርቅ ትኩሱን ስጣት፤ ከጎኑ አብራችሁ ብሉ። ድስቱን ዛሬ ለመፈተግ አትታገል፤ ውሃ ሞልተህበት ይደር።