መርዶው ለምን አላስለቀሰም?

ጥያቄ፦ አጭር ልብወለዴ ላይ እናት የልጇን ሞት ትሰማለች። ስጽፈው አልቅሻለሁ፤ ያነበቡት ጓደኞቼ ግን «ጥሩ ነው» ብለው አለፉት። እንዲህ ይላል፦ «ስመኝ መርዶውን ስትሰማ ልቧ ተሰበረ። እንባዋ እንደ ጎርፍ ወረደ። አንጀቷ ተላወሰ። ዓለም ጨለመባት። ሰማዩም አብሯት አለቀሰ።» ምን ጎደለው?
አንባቢ፣ ከደሴ

መልስ፦ የጎደለው የለም፤ በዝቶ ነው። በ5 ዐረፍተ ነገር 5 ጊዜ «አዘነች» ብለዋል። ተራኪው ቀድሞ አልቅሶ ስለጨረሰ ለአንባቢው የተረፈ ሐዘን የለም። ሰማዩን ዛሬውኑ ይሰርዙት።

ሁለተኛው ችግር መርዶውን ድንገት ማፈንዳትዎ ነው። አገራችን ለዚህ የተዘጋጀ ሥርዓት አላት፦ ዘመድና ጎረቤት ተሰባስቦ ጎሕ ሲቀድ በር ያንኳኳል። አንባቢው ሰዎቹን እንዳየ ነገሩ ይገባዋል፤ ስመኝ ግን ገና አልገባትም፤ ወይም እንዲገባት አልፈለገችም። ጭንቀቱ ያለው እዚያ መሃል ስለሆነ ቢያንስ ግማሽ ገጽ ያቆዩት። «ምነው በማለዳ?» ትበል። በርጩማ ታቅርብ። አንድ ያንሳት፤ «ከጎረቤት ላምጣ» ብላ ትነሣ። ጎረቤቷ ግን ከመጡት መሃል ቆማለች።

የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ መምጣቱም ያግዝዎታል፦ «ፍሙን ገልጣ፣ ጀበናውን ጥዳ፣ ስኒውን ቆጥራ ቀና ስትል፣ ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀዋል።» ሦስት አራት ድርጊት ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ አንባቢው ይደክመዋል። የመርዶውን ቃል ራሱን አይጻፉት። ጩኸቱንም በአንድ መስመር ይቁረጡት።

ሲጽፉ ማልቀስዎ ብዙም ማስረጃ አይሆንም፤ ልጁን እርስዎ ያውቁታል፣ አንባቢው አያውቀውም። ከመርዶው በፊት አንድ ገጽ ይስጡት፤ ጥፋትም ይኑረው። የእናቱን 200 ብር ተበድሮ ያልመለሰ ልጅ «ደግና ታዛዥ» ከተባለው ይልቅ ሆድ ያባባል።

ሙሾ ካስፈለገ ሁለት ስንኝ በቂ ነው፤ ግን ታሪኩ ውስጥ ካለ ዕቃ ይነሣ። ለምሳሌ፦

ሸሚዝህን አጥቤ አስጥቼው ለፀሐይ፣
የምትመጣውማ ቅዳሜ አይደል ወይ?

ይህ እንዲሠራ ሸሚዙ ቀደም ብሎ፣ ሞት ባልታሰበበት ቦታ፣ በግማሽ ዐረፍተ ነገር መታየት አለበት፦ «አንገትጌው ተበልቷል፤ ቢሆንም አጠበችው» ብሎ ማለፍ። መጀመሪያ የታየው ሙሾው ላይ ከሆነ ለማስለቀስ እንደተቀመጠ ያስታውቃል። ሦስት ጊዜ ቢያነሡትም እንደዚያው። ከአምስቱ ዐረፍተ ነገሮች አንዱን ማትረፍ ከፈለጉ «አንጀቷ ተላወሰ» ይቆይ፤ ቦታው ግን መርዶው ላይ ሳይሆን በማግስቱ፣ ሸሚዙን ከገመድ ስታወርድ ነው።