«ፍጹማን ሁኑ» እና ሌሎች የሰሞኑ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ጭንቀት ዙሪያ ናቸው። ካልተሟላ አልጀምርም፣ ካልነጻሁ አልቀርብም የሚል። በየተራ እንያቸው።

ጥያቄ፦ ማቴዎስ 5፥48 «የሰማዩ አባታችሁ ፍጹም እንደ ሆነ እናንተ ፍጹማን ሁኑ» ይላል። ታዲያ እኔ በውጤቴም በሕይወቴም እንከን አይኑርብኝ ማለቴ ምኑ ነው ጥፋቱ? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ጅማ)

መልስ፦ ከቁጥር 43 ጀምረህ አንብበው። እዚያ የሚወራው ጠላትን ስለ መውደድ ነው። እግዚአብሔር ለክፉውም ለደጉም ፀሐይ ያወጣል፣ እናንተም እንደዚያ ውደዱ ነው ነገሩ። ሉቃስ ይህንኑ ትምህርት ሲጽፍ 6፥36 ላይ «ርኅሩኆች ሁኑ» ይላል። ስለ ውጤትህ አንድም ቃል የለም። አቀለልኩልህ እንዳትል፣ እንዲያውም ከበደ። ፈተና ላይ መቶ ከመቶ ማምጣት፣ የበደለህን የዶርም ልጅ ሰላም ከማለት ይቀላል። ጳውሎስም ፊልጵስዩስ 3፥12 ላይ ገና ፍጹም እንዳልሆነ ይናገራል። መሮጡን ግን አልተወም። የሚሮጠው ክርስቶስ አስቀድሞ ስለያዘው ነው። አንተ ደግሞ እንዲይዝህ ብለህ የምትሮጥ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ንስሐ ገብቼ፣ ቀኖናዬን ጨርሼም አላርፍም። «አንዱን ሳልናገር ቀረሁ» እያልኩ ንስሐ አባቴ ዘንድ እመላለሳለሁ። በጾም ውጭ ከበላሁ «ቅቤ ነበረበት ይሆን?» እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ብቻሽን አይደለሽም። የፕሮቴስታንት ተሐድሶን የጀመረው ማርቲን ሉተር በ1505 (እ.ኤ.አ.) ጀርመን አገር ኤርፉርት ገዳም ገብቶ መነኩሴ ሳለ፣ ሲናዘዝ ሰዓታት ይፈጅ ነበር። አለቃው ሽታውፒትዝ እስኪሰለቹ ድረስ። (ሉተርን ምን አመጣው እንዳትሉኝ። ጭንቀት ቤተ እምነት አይመርጥም።) በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ ኃጢአት ፈልገሽ አትሂጂ። ይህን መመላለስሽን ራሱን ንገሪያቸው። «ይህን ነገር ሁለተኛ አታንሺው» ካሉሽ እሺ በይ፣ መታዘዝም ከንስሐው ነው። ልብሽ እንደገና ሲከስሽ 1ኛ ዮሐንስ 3፥20ን አስቢ፤ እግዚአብሔር ከልባችን ይልቅ ታላቅ ነው፣ ሁሉንም ያውቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሐሳቡ አልለቅ ካለሽ፣ ጸሎቱን «በትክክል አላልኩትም» እያልሽ ከደጋገምሽ ወይም እጅሽን ታጥበሽ ታጥበሽ ካልረካሽ፣ ኦሲዲ የሚባለው የአእምሮ ሕመም ሊሆን ይችላል። ሕክምና አለው። አማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ ሌላ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነት ማጣት አይደለም። ጸበሉን አትተዪ፣ ሐኪሙንም እንደዚያው።

ጥያቄ፦ የጽዋ ማኅበር ተራዬ በመጣ ቁጥር ቤቴ አልተሟላም ብዬ አስተላልፋለሁ። አሁን ግን ሰበብ አለቀብኝ።

መልስ፦ እንኳን አለቀብሽ! ጌታ ማርታን «በብዙ ነገር ትጨነቂአለሽ» ያላት ቤቷ ተቀምጦ ነው። ቤቱን አልናቀም፣ ምግቡንም አልጠላም። ዳቦ ድፊ፣ ጠላው ይኑር፣ ቆሎ ቁይ። መጋረጃው ያረጀ መሆኑን ማንም አያይም። እሺ፣ አንዷ ታያለች። ትይ።

ጥያቄ፦ በቤተ ክርስቲያን ማገልገል እፈልጋለሁ፣ ግን ትክክለኛው ጊዜ አልመጣም።

መልስ፦ መክብብ 11፥4። ነፋስን የሚጠባበቅ አይዘራም። እሑድ ሂድና «ምን ልርዳ?» በል፤ ምናልባት ወንበር ደርድር ይሉህ ይሆናል።

ጥያቄ፦ እዚህ ቨርጂኒያ የተወለደ ልጄ የአማርኛ መዝሙር ይሳሳትብኛል ብሎ መድረክ አልወጣም ይላል። እኔ ሁሌም አርመዋለሁ። አበላሸሁት ይሆን?

መልስ፦ አላበላሹትም እናቴ፣ ግን እርማቱን ለጊዜው ይተዉት። «ጸ»ን «ሰ» ብሎ ቢዘምር እግዚአብሔር ይሰማዋል። ቤት ውስጥ እርስዎም በእንግሊዝኛ አንድ መዝሙር ያጥኑና አብረውት ይዘምሩ። እሱ ያርምዎት። ቢስቅብዎት ደግሞ አብረውት ይሳቁ።