ክሩዝ እንያዝ ወይስ እንጠብቅ? የእቁባችን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው እሑድ ፖስታ ቤት አካባቢ ስንሰበሰብ፣ ዕጣው ሳይወጣ ወሬው ሁሉ መርከብ ሆነ። የጉዞ እቁባችን አባላት ግማሹ "ገንዘቡን ለክሩዝ፣ ለመርከብ ሽርሽር እናውለው"፣ ግማሹ "ኮቪድ ይለይለትና" ይላል። እኔ ለዓመታት ቲኬት ቆራጭ ስለሆንኩ ጥያቄው ሁሉ እኔ ላይ ወረደ። በአፍ መልሼ አልጨረስኩም። በወረቀት የሰጣችሁኝንም ጨምሬ ይኸው በጽሑፍ። የምነግራችሁ የዛሬውን፣ የጥር 2014 መጨረሻውን ሁኔታ ነው። ከወር በኋላ ይህን አንብባችሁ "እንዲህ ብለኸን ነበር" እንዳትሉኝ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በዚህ ጊዜ ክሩዝ መያዝ እብደት አይሆንም? (ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ለመቼ? ለመጪው መጋቢት ከሆነ እኔ አልደፍረውም። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ታኅሣሥ 21 ቀን 2014 የክሩዝ ማስጠንቀቂያውን ወደ መጨረሻው፣ ወደ አራተኛው ደረጃ አውጥቶታል። የተከተበም ቢሆን ከክሩዝ ይቆጠብ ነው ያለው። መርከቦቹ ግን አልቆሙም። የኮቪዱ ዝርያ ኦሚክሮን እየበጠበጣቸውም ይሄዳሉ።

ለሚቀጥለው ኅዳር ወይም ለ2015 ጥር ከሆነ ግን ዛሬ ቀብድ መያዝ አያስፈራም። አንድ ነገር ካወቃችሁ ነው ታዲያ። ክሩዝ ሁለት ክፍያ አለው። መጀመሪያ ቀብድ፣ በኋላ ቀሪው ሙሉ ክፍያ። ሙሉ ክፍያው የሚጠየቀው አብዛኛውን ጊዜ መርከቡ ከመነሳቱ 90 ቀን ገደማ በፊት ነው። እስከዚያ ቀን ብትሰርዙ ቀብዱ ይመለሳል፣ "አይመለስም" ተብሎ በቅናሽ የተሸጠውን ካልገዛችሁ በቀር። ከዚያ ቀን በኋላ ቅጣቱ ደረጃ በደረጃ ይጨምርና ወደ መጨረሻው ሙሉው ገንዘብ ይቀልጣል።

ስለዚህ ካላንደራችሁ ላይ በቀይ የምታከብቡት የመነሻውን ቀን ሳይሆን የሙሉ ክፍያውን ቀን ነው። ያ ቀን ሲደርስ ቪዛው ፓስፖርታችሁ ላይ ተለጥፏል? የምትነሱበት አገር የእኛን መንገደኛ ያስገባል? ክትባታችሁ ተቀባይነት አለው? ከሦስቱ አንዱ እንኳ "እንጃ" ከሆነ ሰርዙ። ይሉኝታ አያስፈልግም፣ መርከብ አይቀየምም።

ጥያቄ፦ እኛ ሳንሰርዝ ኩባንያው ራሱ ቢሰርዝስ? ገንዘባችን ይመለሳል አይደል? (ከሜክሲኮ)

መልስ፦ ኩባንያው ሲሰርዝ ብዙ ጊዜ ሁለት ምርጫ ያቀርባል። ወይ ጥሬ ገንዘቡን፣ ወይ ለወደፊት ጉዞ የሚሆን ክሬዲት። ክሬዲቱን ሲያቀርቡ ጉርሻ ይጨምሩበታል፣ "ከከፈሉት 25 በመቶ አስበልጠን እንስጥዎ" ዓይነት። ያጓጓል። እኔ ግን ገንዘቡን ውሰዱ ነው የምለው።

ለምን? ዘንድሮ በጥምቀት ዕለት ክሪስታል ክሩዝስ ጉዞዎቹን ማቋረጡን አስታወቀ። ባለቤቱ ጌንቲንግ ሆንግ ኮንግ ዕዳ ውስጥ ገብቷል። ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ክሪስታል ሲምፎኒ የተባለችው መርከቡ ወደ ማያሚ መመለስ ሲገባት ወደ ባሃማስ፣ ወደ ቢሚኒ ዞረች። ባልተከፈለ የነዳጅ ዕዳ የተነሳ የአሜሪካ ፍርድ ቤት እንድትያዝ አዞ ነበርና ማያሚ ከገባች መያዟ ነው። መንገደኞቹ ነገሩ ከገባቸው በኋላ በጀልባ ተሳፍረው ፍሎሪዳ ገቡ። በ2012 ሐምሌም የእንግሊዙ ክሩዝ ኤንድ ማሪታይም ቮዬጅስ ከስሯል። ኩባንያ ሲከስር ክሬዲት የያዘ ሰው ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ወረፋ መጨረሻ ነው የሚቆመው።

ክሬዲት የምትወስዱት ትልቅ ኩባንያ ሲሆን፣ ቀነ ገደቡ ሩቅ ሲሆንና በእርግጥ የምትሄዱ ሲሆን ብቻ ይሁን።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ያቺ ጃፓን ላይ የታሰረችው መርከብ አሁንም በሕልሜ ትመጣለች። እኔ ስኳርም ደም ግፊትም አለብኝ። ልጆቼ ግን ውጪ ወስደን እናዝናናሻለን ይላሉ። (እማማ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እማማ፣ መፍራትዎ ትክክል ነው። ዳይመንድ ፕሪንሰስ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ዮኮሃማ ላይ ስትቆም 3,711 ሰው ይዛ ነበር። 712ቱ ተያዙ። ዌስተርዳም የምትባለዋ ደግሞ አንድም በሽተኛ ሳይገኝባት ወደብ ለወደብ ተባረረች። በመጨረሻ የተቀበለቻት ካምቦዲያ ናት።

ዛሬ፣ በጥር 2014፣ ክትባት አለ፣ ከመሳፈር በፊት ምርመራ አለ፣ መርከቡ ላይም ለታመመ ሰው ተለይቶ የሚቀመጥ ካቢን አለ። ያኔ ይህ ሁሉ አልነበረም። ሆኖም ወደብ የመከልከሉ ነገር አልቀረም። የመርከቡ ክሊኒክም ሆስፒታል አይደለም፣ ሒሳቡም ውድ ነው። በእርስዎ ዕድሜና ሕመም ዘንድሮን ይለፉት ብል ይሻላል። ልጆችዎ ካልተዉዎት ሐኪምዎን ያማክሩና ቢያንስ በረንዳ ያለው ካቢን ይያዙልዎ። የውስጠኛው ካቢን ርካሽ ነው፣ መስኮት ግን የለውም። ድንገት "ከክፍልዎ አይውጡ" ቢባል ንፁህ አየር የሌለበት ቦታ መቀመጥ ከባድ ነው። ይህን ለእማማ ብቻ አይደለም የምለው። በዚህ ዘመን በረንዳው ቅንጦት አይደለም።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ የሚቀርበው መነሻ የት ነው? ጅቡቲ አይሆንም? (ከለገሃር)

መልስ፦ የለገሃር ሰው ጅቡቲን አይረሳም! ጅቡቲ የጭነት ወደብ ናት። የክሩዝ መርከብ አልፎ አልፎ ይነካታል እንጂ ጉዞ አይጀመርባትም።

ለእኛ የሚቀርበው ዱባይ ነው። በረራው አጭር ነው። የክሩዝ ኩባንያዎቹ ኤምኤስሲና ኮስታ ከኅዳር እስከ መጋቢት አካባቢ መርከብ ያቆሙበታል፤ ከዚያ በኋላ ሙቀቱ ሲመጣ ወደ ሜዲትራኒያን ይሄዳሉ። ግን ያለንበትን ጊዜ እዩት። ታኅሣሥ 16 ቀን 2014 የዱባይ አገር ኤምሬትስ ከኢትዮጵያ የሚመጣ መንገደኛ አታስገባም ተባለ። ጥር 21፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት እገዳው ተነሳ። ወር ከምናምን ነው የቆየው። በመሃሉ የጉዞ ቀን የነበረው ሰው ምን እንደሆነ አስቡት። ጥንቁቅ ሰው ነበር፣ ተከትቦም ነበር፣ አልሄደም።

ከጅዳ የሚነሳው የቀይ ባሕር ክሩዝም አለ። የዮርዳኖስን አቃባና የግብፅን ሳፋጋ ይነካል። የሳዑዲ የኦንላይን ቱሪስት ቪዛ ግን በጥር 2014 ክፍት የነበረው ለ49 አገሮች ነው፣ እኛ አልነበርንበትም። የካሪቢያኑ ከማያሚ ስለሚነሳ የአሜሪካ ቪዛ ይፈልጋል፣ ቪዛው ከሌላችሁ ዘንድሮ አትልፉበት።

ጥያቄ፦ ጣሊያን ተነስቶ ዱብሮቭኒክና ኮቶር ደርሶ የሚመለስ አይተናል። አንድ የሸንገን ቪዛ ይበቃል? (ባልና ሚስት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ቪዛው "ብዙ ጊዜ መግቢያ" መሆኑን እዩ። የዱብሮቭኒክ አገር ክሮኤሺያ የአውሮፓ ኅብረት አባል ብትሆንም በ2014 ሸንገን (በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ውስጥ አልነበረችም። የኮቶር አገር ሞንቴኔግሮም የለችም። መርከቡ ከሸንገን ወጥቶ ሲመለስ እናንተም እንደገና እየገባችሁ ነው። አንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ ያለው ሰው መርከቡ ላይ እንዳይሳፈር ይደረጋል፣ ገንዘቡም አይመለስለትም። ቱርክ፣ ግብፅና ቱኒዚያም እንዲሁ ናቸው። ሙሉ በሙሉ ሸንገን ውስጥ የሚዞር መስመር ከፈለጋችሁ ጣሊያን፣ ፈረንሳይና ስፔን የሚነኩትን ምረጡ።

ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ይቀርባል፣ ክፍያው በ2014 80 ዩሮ ነበር። በጥር 2014 ኢትዮጵያ ኅብረቱ የኮቪድ የመግቢያ ገደቡን ካነሳላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ እንዳልነበረች ግን አትርሱ። ለመዝናናት የሚሄድ ሰው ይገባል ወይ የሚለውን በየአገሩ ኤምባሲ ጠይቁ። ጎረቤት የነገራችሁን አትያዙ።

ጥያቄ፦ አንድ ጊዜ ብቻ የሚወጋውን የኮቪድ ክትባት፣ ጆንሰንን ነው የተከተብኩት። ይቀበሉኛል? (ከስታዲየም)

መልስ፦ አሜሪካ በጥር 2014 ይቀበል ነበር፣ ከተወጋህ 14 ቀን ካለፈ። ሌላ አገር ማጠናከሪያ መጠየቅ ጀምሯል፣ ስለዚህ ከመያዝህ በፊት አጣራ። ካርድህን ደግሞ አሁኑኑ አውጥተህ እይ። ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ከተጻፈ የውጭ ሰው 2013ን ሲያይ ምን ይላል? ስምህ ላይ አንዲት ፊደል ከፓስፖርቱ ከተለየችም አስተካክል። ቢጫ ካርድም እንዳትረሳ። የቢጫ ወባው ክትባት ለዕድሜ ልክ ነው፣ የሚጸናው ግን ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ዶላሩን ከየት እናምጣ? (ብዙዎቻችሁ)

መልስ፦ የሁሉም ነገር ቋጠሮ ያለው እዚህ ነው። ኩባንያው ብር አይቀበልም። ባንክ ደግሞ ለመንገደኛ የውጭ ምንዛሪ የሚሰጠው ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት አይቶ ነው፣ መጠኑም ውስን ነው። ኤምባሲው በበኩሉ ቪዛ ከመስጠቱ በፊት የጉዞ ማስያዣ ይፈልጋል። ዞረን እዚያው።

ብዙ ሰው የሚያደርገው ውጭ ያለ ዘመድ በካርዱ እንዲከፍልለት ነው። መጥፎ አይደለም። ግን ጉዞው ሲሰረዝ ገንዘቡ የሚመለሰው ወደዚያው ካርድ ነው። ዘመዱ ሲያትል፣ እናንተ ፒያሳ። ከመክፈሉ በፊት ማን ለማን፣ በምን ምንዛሪ እንደሚመልስ ተጻጻፉ። በጥር 2014 የ200 ዶላር ቀብድ በባንክ ዋጋ 10,000 ብር ገደማ ነበር። ከዓመት በኋላ ሲመለስ በተከፈለበት ቀን ሒሳብ ነው ወይስ በሚመለስበት ቀን? ወንድማማች የሚጣላው በዚህ ነው። የጥቁር ገበያውን መንገድ ከእኔ አትጠብቁ።

መርከቡ ላይ ካርድ የሌለው ሰው በጥሬ ገንዘብ ማስያዣ አስይዞ መጠቀም ይችላል። ጉርሻ በአብዛኛው በየቀኑ ሒሳባችሁ ላይ ይጨመራል፣ በ2014 በሰው 14 ዶላር አካባቢ ነበር። ሻይ ቤት ትቶ እንደመሄድ አይደለም።

ጥያቄ፦ ለሸንገን የምንገዛው የጉዞ መድን ስረዛንም ይሸፍናል?

መልስ፦ አይሸፍንም። ለሸንገን የሚጠየቀው የ30,000 ዩሮ ሽፋን ለሕክምና፣ ለሆስፒታልና በሕመም ወደ አገር ለመመለስ ነው። የስረዛ ሽፋን ለብቻው ይገዛል። ስትገዙ "ወረርሽኝ" የሚለው ቃል የተሸፈነው ክፍል ውስጥ ነው ወይስ ከሽፋን ውጪ የሆኑት ዝርዝር ውስጥ? ሻጩ "ሁሉንም ይሸፍናል" ካላችሁ ገጹን እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ወደቡ ላይ ስመረመር ኮቪድ አለብሽ ብባልስ?

መልስ፦ አትሳፈሪም። አብዛኞቹ ኩባንያዎች የክሩዙን ገንዘብ ይመልሳሉ ወይም ቀኑን ይቀይራሉ። የአውሮፕላኑና የሆቴሉ ግን የራስሽ ነው። ጉዞው ላይ ከሆነ ተለይተሽ ትቀመጫለሽ፣ ከዚያ ወደብ ላይ ታወርጃለሽ። መመለሻ በረራም ያልፍሻል። ስለዚህ ከፈቃድሽ ላይ ትርፍ ቀናት፣ ከኪስሽ ላይም ለሆቴል የሚሆን ገንዘብ አስቀሪ። ቀኑ በሚቀየር ቲኬት ሂጂ። መርከቡ ከሚነሳበት ቢያንስ አንድ ቀን ቀድመሽም ድረሺ።

ጥያቄ፦ ከፋሲካ በኋላ እንጋባለን። ጫጉላችንን በክሩዝ ብንል?

መልስ፦ እንኳን ደስ አላችሁ! ፋሲካ ዘንድሮ፣ በ2014፣ ሚያዝያ 16 ነው። ያኔ የዱባይ መርከቦች ወደ ሜዲትራኒያን ሄደዋል። ለአውሮፓ ደግሞ የሙሉ ክፍያው ቀን ደርሷል፣ ቪዛው ግን በእጃችሁ የለም። ሐዋሳ ሂዱና ክሩዙን ለኅዳር ያዙት። ሙሽርነት እስከ ኅዳር ይቆያል፣ አይዟችሁ።

ጥያቄ፦ የጾም ምግብ ይገኛል? ሐላልስ?

መልስ፦ ይገኛል፣ ግን ስትይዙ አስመዝግቡ። "ጾም" ብትሉ አይገባቸውም፤ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የሌለበት በሉ። ሽሮ አትጠብቁ።

ጥያቄ፦ እቁቡን ራሱ እንዴት እናድርገው? (ዳኛችን)

መልስ፦ ዕጣ የወጣለት ሰው ወዲያው ክሩዝ እንዲከፍል አናስገድደው። ገንዘቡ ባንክ ይቀመጥ። ፓስፖርቱ ከጉዞው በኋላ 6 ወር የማይቀረው ሰው መጀመሪያ ያሳድስ፣ የኢሚግሬሽኑን ወረፋ ታውቁታላችሁ። ቪዛ ያገኘና ክትባቱን የጨረሰ ሰው ተራውን ካላገኘው ጋር መቀያየር ይፈቀድለት። ይህ በደንባችን ላይ ይጻፍ፣ በሚቀጥለው እሑድ እንፈርምበት። አንድ ላይ ካልሄድን የሚለውንም እንተወው። ሃያ ሰው አንድ ቀን ላይ ማሰር በደህናው ጊዜም አይሆንም፣ አሁንማ አንዱ ቢያስል ሁሉም ይቀራል።

ጥያቄ፦ እኔ የላንጋኖ ጀልባ እንኳ ያስታውከኛል። ልምጣ?

መልስ፦ ና። ትልቅ መርከብ እንደ ጀልባ አይወዛወዝም። ከታች ባሉት ፎቆች፣ ከመርከቡ መሃል ላይ ያለ ካቢን ያዝ፣ ኪኒኑንም ከመሳፈርህ በፊት ዋጥ።