ሕግ ለምታጠኑ ልጆቼ፦ መጀመሪያ ቀኑን ቁጠሩ

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ሕግ ለምትማሩ የሀበሻ ልጆች ነው። ዳኛ ፊት ቆሞ መከራከር እንደሚያጓጓችሁ አውቃለሁ። እኔንም ያጓጓኝ ነበር። ግን እስረኞች «የታሰርኩት ከሕግ ውጭ ነው» ብለው ለፌዴራል ፍርድ ቤት የሚያቀርቡት አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ብዙ ጊዜ ክርክሩ ሳይሰማ ይወድቃል። የሚጥለው ቀን ነው።

በ1996 የወጣው ሕግ በስቴት ፍርድ ቤት ለተፈረደበት እስረኛ አንድ ዓመት ብቻ ይሰጠዋል። ቆጠራው በአብዛኛው የሚጀምረው መደበኛው ይግባኝ ሲያልቅ ነው። በስቴቱ ፍርድ ቤት በአግባቡ አቤቱታ ካስገባ፣ እስኪወሰን ድረስ ቆጠራው ይቆማል። ከዚያ በፊት ዝም ብሎ ያለፈው ጊዜ ግን ተበልቷል። የስቴቱን መንገድ ሳይጨርስ ደግሞ ፌዴራል ፍርድ ቤት አይሰማውም። ሞት ካልተፈረደበት በቀር ይህን ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ያለ ጠበቃ ነው።

አቤቱታው ውድቅ ከሆነ የይግባኝ ማስታወቂያ ለማስገባት 30 ቀን አለው። ያም ሆኖ የፍርድ ቤት ፈቃድ ካላገኘ ይግባኙ አይታይለትም።

አንድ የኦሃዮ እስረኛ የደረሰበትን ልንገራችሁ። የፌዴራሉ ዳኛ ያለፈውን የይግባኝ ጊዜ እንደገና ከፈተለት። ሕጉ የሚፈቅደው 14 ቀን ሲሆን ዳኛው ግን 17 ቀን ሰጠው። ይግባኙም ዳኛው በጻፈው ቀን ውስጥ፣ ከ14ኛው ቀን በኋላ ገባ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2007፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ፣ ዘግይቷል ብሎ ዘጋበት። ዳኛ ዴቪድ ሱተር በልዩነት ሐሳባቸው፣ የፍትሕ ሥርዓት ሰውን እንዲህ ሊያስተናግድ አይገባም ብለው ተቃወሙ። እኔ ዛሬም ከእሳቸው ጋር ነኝ። ሆኖም ሕጉ አሁንም ያው ነው። ስለዚህ ዳኛ የጻፈውን ቀን እንኳ ሕጉን ገልጣችሁ አመሳክሩ።

ሌላው የፍሎሪዳ ሞት ፍርደኛ ነው። ያ የአንድ ዓመት ጊዜ እንዳያልፍ ለጠበቃው ደጋግሞ ጻፈ። መልስ የለም። የስቴት መዝገቡ መዘጋቱን እስር ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲሰማ፣ በማግስቱ አቤቱታውን ራሱ ጽፎ ላከ፤ ጊዜው ግን አልፎ ነበር። የቀን ስሌቱን ከጠበቃው የተሻለ ያወቀው እሱ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በልዩ ሁኔታ ጊዜው ሊራዘም እንደሚችል የወሰነው በዚህ ጉዳይ ነው። ይህ በር ግን ጠባብ ነው። ተስፋችሁን እሱ ላይ አትጣሉ።

ወደ ሥራው ስትገቡ ከማኅበረሰባችን መደወላቸው አይቀርም። «ልጄ ያለ ጥፋቱ ታስሯል» የምትል እናት ትደውላለች። አልቅሳ እስክትጨርስ ስሟት። ከዚያ የመጨረሻው ውሳኔ መቼ እንደተሰጠ ጠይቋት፤ ወረቀቱንም ዛሬውኑ ትላክላችሁ። ልጇ ጠበቃ ከሌለው የይግባኝ ማስታወቂያውን ለእስር ቤቱ ሠራተኞች ያስረከበበት ቀን እንደ ገባበት ቀን ይቆጠርለታል። ይህ ከ1988 ጀምሮ የጸና ነው። ማስረጃውን እንዲይዝ ንገሩት።

ከእስር ቤት የተጻፈ ደብዳቤ ደግሞ ጠረጴዛችሁ ላይ አይደር። ጉዳዩን መያዝ ባትችሉም እንኳ «አልችልም» ብላችሁ በዚያው ሳምንት መልሱለት፤ ሌላ ሰው የሚፈልግበት ጊዜ ይኑረው።